ስልካችን እንደ ጓሳ የተዘጋ ጊዜ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፤ እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን ስል ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ ለምን ፈገግ እንዳላችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማን ምን አላችሁ? ባለቤቴ ጽጌ ናት አይደል? እሷ እንደሆነች በመንዝ፣ በከተማችን በመሐል ሜዳ ላገኘችው ሁሉ «የኔ ባል ጥላውን ዞር ብሎ እያየ ለምን እንደተከተለው ይጠይቀዋል» እያለች ታወራለች። እርግጥ ዞር ብዬ አያለሁ። ዞር ብሎ ማየት ግን ጥንቃቄ ነው።

ሥራዬ ልብስ ሰፊነት ነው። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የባና፣ ያው የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ ጫፍ እቀምቅማለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም አጠብባለሁ፣ በርኖስ እሰፋለሁ። አገራችንን የማታውቁ ካላችሁ፣ በርኖስ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ጥቁር ካባ ነው፤ ትከሻው ላይ ሹል ብሎ የቆመ ጉብታ አለው። ጉብታው ምን እንደሚሠራ ለብዙ ዘመን አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፣ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ግን ይህን ልብ በሉልኝ፤ ደንበኛ ጨርቁን ሲያመጣ ይለካዋል፣ ሲወስድም ይለካዋል። እሱ እኔን ሲጠረጥር ማንም ምንም አይለውም። እኔ ስጠረጥር ነው አገር የሚያወራው።

ወደ ልጄ ልምጣ። ስሟ ብርቅነሽ ነው፣ ብርቄ እንላታለን። ብዙ ጠብቀን፣ ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ያገኘናት ናት። ጽጌ አስተማሪ ስለሆነች ልጅቷ ቀኑን የምትውለው ከኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ነው። የልብስ ሰፊ ሱቅ ደግሞ ለልጅ የተሠራ ቦታ አይደለም። መርፌ አለ፣ መቀስ አለ፣ ከሰል የጎረሰ ካውያ አለ። መዳህ የጀመረች ሰሞን አንዱን ከእጇ ስቀማት ወደ ሌላው ትሄዳለች። አንድ ቀን ካውያው ጋ ልትደርስ ስትል ልቤ ወጥቶ ተመለሰ። ያን ዕለት ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋት።

እሰይ ነው ያልኩት። ዓይናቸው የጎላ፣ ቀለማቸው እንደ ሳሙና መጠቅለያ የሚያብረቀርቅ እንስሶች ይዘፍናሉ፣ ይዘላሉ፣ ይወድቃሉ፤ ብርቄ ጥግ ላይ በተጠቀለለ ባና ተደግፋ ታያቸዋለች። እኔ እሰፋለሁ። ደንበኛ ሲገባ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይላል። እኔም አስተዳደጌ ነው በሚል ፊት አንገቴን ነቅነቅ አደርጋለሁ። እንስሶቹ የሚዘፍኑትን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። ባልገባኝ ቋንቋ እያንጎራጎርኩ የስንቱን ሰው ሱሪ ሰፋሁ መሰላችሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ብርቄ ሦስት ዓመት ሞላት። ከእሷ በኋላ የተወለደው የጎረቤት ልጅ ሱቅ ተልኮ ሄዶ «መልሱስ?» ማለት ጀምሯል። የኔ ልጅ ግን አንድ ቃል የላትም። «እማ» የለ፣ «አባ» የለ፣ «እንቢ» እንኳን የለ። ስንጠራት አትዞርም። ጽጌ ማታ ማታ አቅፋ ስታጫውታት ዓይኗ ጽጌን አልፎ ስልኩ የተቀመጠበትን ቦታ ይፈልጋል።

ወዲያው የጠረጠርኩት እትዬ አስካለን ነው። እትዬ አስካለ ከሱቄ ፊት ለፊት ቆሎ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። አንድ ቀን ብርቄን አየት አድርጋ «ዓይኗ እንዴት ያምራል» አለችና፣ «ማርያም ትጠብቃት» ሳትል መንገዱን ተሻግራ ሄደች። እንዴት ነው ሰው የልጅን ዓይን አድንቆ ማርያምን ሳይጠራ የሚሄደው? እኔ ቆጥሬ ያዝኩባት። በማግስቱ የልጄ አንገት ላይ ጤና አዳም አሰርኩ፤ እትዬ አስካለ ባለፈች ቁጥርም ልጅቷን በጨርቅ እሸፍን ጀመር። ብርቄ ከጨርቁ ስር ሆና ስልኳን ታያለች። ስክሪኑ ጤና አዳም ጤና አዳም ሸተተ እንጂ የመጣ ለውጥ የለም።

አንድ ቀን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከፊቷ ቁጭ አልኩና «ብርቄ፣ እስቲ አባ በይኝ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሌባ ጣቷን ጉንጬ ላይ አደረገችና ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ጠረገችኝ። ክፋት የለበትም፣ የማትፈልገውን ሥዕል እንደምታሳልፈው ነው ያሳለፈችኝ። ከኔ ቀጥሎ የሚመጣውን አባት ጠበቀች። አልመጣም። ሌላኛውን ጉንጬን ሞከረች።

ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፣ ሰው አባሮኝ ያውቃል። እንደዚያ በአንዲት ጣት ያሳለፈኝ ግን የለም። ሱቁን ዘጋሁና ጽጌን ከትምህርት ቤት ጠርቼ ልጅቷን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ከብርቄ ጀርባ ቁልፍ አንኳኳች፣ ብርቄ ዞረች። ወረቀት አንኮሻኮሸች፣ ዞረች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ልጅቷ ስልክ ታይ እንደሆነ ጠየቀችን። እኔ ፈጠን ብዬ አልፎ አልፎ ብቻ፣ በጣም ስታስቸግር፣ ያውም ለትንሽ ጊዜ አልኩ። ጽጌ መሬት መሬቱን አየች። ሲስተሯ የራሷን ስልክ ከፍታ ለብርቄ ሰጠቻት። ልጄ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንስሶቿን አገኘቻቸው። ማስታወቂያ ሲመጣ በጣቷ ዘለለችው፣ ድምፁን ከፍ አደረገች፣ እግሯን አጣምራ ተቀመጠች።

«አልፎ አልፎ» አለች ሲስተሯ።

ከዚያ በኋላ የነገረችንን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «ጆሮዋ ደህና ነው። ስልኩ ያወራል እንጂ አይጠብቃትም። ልጅ አፏን የምትፈታው አውርቶ መልስ ከሚጠብቃት ሰው ጋር ነው።» ስልኩን እንድንከለክላትና ቀኑን ሙሉ እንድናወራት አዘዘችን። ከፋሲካ በኋላ መልሰን እንድናመጣት፣ ያኔም አንድ ቃል ካልወጣት ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ለምርመራ ደብረ ብርሃን እንደምትልከን ነገረችን። «ሌላ ምክንያት» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቀረች። ጽጌ መንገድ ላይ አለቀሰች። እኔ ሲስተሯ የደበቀችን ነገር ይኖራል ብዬ ስጠራጠር ቤት ደረስን።

ቤት የጠበቁን አማቴ፣ አባባ ጥላዬ ናቸው። አባባ ጥላዬ ጉልበታቸው እስኪደክም የጓሳ ጠባቂ የነበሩ ሰው ናቸው። ጓሳን መቼም ታውቁታላችሁ፤ በላያችን ያለው ሰፊው የሳር ሜዳ ነው። ቤት የምንከድነው በሱ ሳር ነው፣ በክፉ ቀንም ከብቶቻችን የሚድኑት በሱ ነው። ሽማግሌዎች ተማክረው ይዘጉታል፣ ጊዜው ሲደርስ ተማክረው ይከፍቱታል። ተዘግቶ ሳለ አንዲት እፍኝ ሳር ያጨደ ሰው ጉድ ይፈላበታል። አባባ ጥላዬ በጉም ውስጥ ሳር ላይ ተኝተው፣ የሌባውን ማጭድ ድምፅ ሰምተው፣ ካጎነበሰበት ቀና ሳይል የሚይዙት ነበሩ ይባላል። ስልክ አይወዱም፤ ያላቸውም ባለ ቁልፍ፣ ለመደወል ብቻ የሚሆን ነው።

ነገሩን ስንነግራቸው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው፣ «ጓሳ ሳሩ የቆየው ሰው ሁሉ ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚዘጋ ነው። ስልኩን ዝጉት» አሉ።

ተዘጋ። በወግ በማዕረግ ነው የተዘጋው። ከሁዳዴ መያዣ እስከ ፋሲካ ማንም ሰው ለብርቄ ስልክ እንዳያሳይ፣ እኛም ለመደወል ካልሆነ እንዳንነካው፣ ጠባቂው አባባ ጥላዬ እንዲሆኑ፣ የጣሰ ሰው በቤተሰቡ ፊት እንዲዳኝ ተባለ። ጽጌ ማለች፣ እኔ ማልኩ። የጓሳ ሕግ አዋሳኙንም ያስምላል ተብሎ እትዬ አስካለ ሳትቀር ከነቆሎ መስፈሪያዋ ተጠርታ ማለች። ስትምል እኔን ነበር የምታየው። ይሄም አንድ ነገር አለው ብዬ ያዝኩ።

እኔ በመሐላ ብቻ የማምን ሰው አይደለሁም። ከባና ቁራጭ ከረጢት ሰፋሁና ስልኬን ከተትኩት፣ አፉንም ሰፋሁት። የኔን ስፌት አስመስሎ የሚሰፋ ሰው በዚህ አገር የለም። ማንም ቢፈታው ወዲያው አውቃለሁ። ችግሩ ስልኩ ሲጠራ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፣ እኔ መቀስ አነሳለሁ፣ ክሩን ስፈታ ይዘጋል። መልሼ ሰፍቼ ስጨርስ እንደገና ይጠራል። አንድ ሰው የልጁን ሠርግ ሱፍ እንዲያልቅለት ሊለምነኝ ሲደውል ውሎ በመጨረሻ በእግሩ መጣ። ከረጢት ላይ አፌን ደቅኜ «ቆይ፣ እየፈታሁ ነው» ስል ደረሰብኝ። ሱፉን ሳይሰፋ ወሰደው።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ብርቄ አለቀሰች፣ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ያገኘችውን ሁሉ በጣቷ ጠረገች። የስፌት መኪናውን ጎማ፣ የመስኮቱን መስታወት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ። ቤተ ክርስቲያን ይዘናት ስንሄድ ቄሱ ሊያሳልሟት መስቀሉን ቢያቀርቡላት በጣቷ ወደ ጎን ገፋችው። ቄሱ እሷን አልተቆጡም፣ እኔን ግን አዩኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ልቅሶው ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ጥግዋ ላይ ቁጭ ብላ ታንጎራጉራለች። ሌላ አባት ቢሆን ይደሰታል። እኔ መርፌዬን ሰክቼ አዳመጥኩ። ዜማው የእንስሶቹ አይደለም። የእንስሶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ አላልኳችሁም? ይሄ አዲስ ነው። ልጄ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አዲስ ዘፈን ተምራለች። እንግዲህ አንድ ቦታ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። የማለ ሰው።

መጀመሪያ ስልኬን መረመርኩ። ከረጢቱን ፈታሁ፣ ስልኩን ከፈትኩ፣ ገባ ገባ ብዬ አየሁ፣ ባትሪውን ልብ አልኩ፣ መልሼ ሰፋሁት። ቆይቼ ደግሜ ፈትቼ ባየው ባትሪው ወርዷል። ስፌቱ የኔ ነው፣ ባትሪው ግን ወርዷል! አንድ ሰው የኔን ስፌት ተምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እየፈታሁ ማየት ጀመርኩ። ቶሎ ቶሎ ባየሁት መጠን ባትሪው ባሰበት። ከረጢቱ በመርፌ ብዛት ወንፊት መሰለ።

ቀጥሎ እትዬ አስካለ። ቆሎ የምገዛ መስዬ ሄድኩና ጆንያዋ ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ከታች ያለው ይሻል እንደሆነ ብዬ ነው አልኳት። ሰፈረችልኝ፣ አላናገረችኝም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰላምታዋን ነሳችኝ። ጽጌንም እንደ ዋዛ ዛሬ በትምህርት ቤት ምን ዘፈናችሁ ብዬ ጠየቅኳት። የምታስተምረው ሳይንስ መሆኑን አስታወሰችኝና ስልኳን ጭኔ ላይ ጣለችው። እሷም ተቀየመች። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን በሽሮው ሳህን በኩል ብቻ የምንነጋገር ሆንን።

የቀረኝ ምስክር ልጄ ራሷ ናት። በየጠዋቱ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣትና ምርመራዬን እጀምራለሁ። ጣቴን ቀስሬ፣ «ማነው?» እላታለሁ። «ማነው የሚያሳይሽ? እትዬ አስካለ ናት?» እትዬ አስካለ ማን እንደሆነች እንዲገባት ቆሎ መስፈሪያ ይዤ እንደሷ እየተወዛወዝኩ ሱቁን እዞራለሁ። «ማነው? አባባ ናቸው?» እልና እንደ አባባ ጥላዬ እየሳልኩ በክንድ መለኪያው እንጨት እየተመረኮዝኩ እሄዳለሁ። «ድመቷ ናት? ማነው?» ድመትም ሆኛለሁ። ማስረጃም አቀርብላታለሁ። ይሄ መቀስ ነው፣ ይሄ ክር ነው፣ ይሄ ቁልፍ ነው፣ ስልኩ የተደበቀው ከየትኛው ስር ነው እላታለሁ። ጠይቄ ደግሞ አልተዋትም፤ መልስ እስኪመጣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ እጠብቃለሁ። ድመት የሆንኩ ቀን ሳቀች። እስክታስነጥስ ሳቀች። እኔ ግን ጥያቄዬን ለማምለጥ ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሥራዬ ተከመረ። ሱቅ የገባ ደንበኛ አራት እግሬ ላይ ሆኜ ሚያው ስል ካየ በኋላ ጨርቁን ይዞ ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር። እኔ ምን አገባኝ። ፋሲካ እየቀረበ ነው፣ ልጄ ቃል የላትም፣ ደብረ ብርሃን ሄደን ምን እንደሚነግሩን አላውቅም፣ አንድ ሰው ደግሞ በመሐላ ላይ ሆኖ ልጄን ወደ ኋላ እየጎተተብኝ ነው። ያ ሰው ቢያዝ ልጄ የምትድን መሰለኝ። ፈርቼ ነበር፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ከዚያ ጉሙ መጣ። መሐል ሜዳ ጉም ሲውጣት ከሱቄ ደጃፍ የእትዬ አስካለ ቆሎ እንኳን አይታይም። አባባ ጥላዬ እንደ ልማዳቸው ከሰዓት በኋላ መጡና ብርቄን በጀርባቸው አዝለው ጋቢያቸውን አከናነቧት። «ፀሐይ ላሙቃት» አሉኝ።

የምን ፀሐይ? ዱላቸውን ራሱ ሳላየው በድምፁ ነው ያወቅኩት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። ልጅቷ የምታንጎራጉረው ሁልጊዜ ከእሳቸው ጋር ሄዳ ስትመለስ ነው። አዲስ አበባ የልጅ ልጅ አላቸው፤ ስክሪን ያለው ስልክ ልኮላቸው ይሆናል። ጠባቂውን ማን ይጠረጥራል? እኔ እጠረጥራለሁ።

እንዳያውቁኝ የሰው ልብስ ያስፈልገኝ ነበር። ለጥገና የመጣ አንድ በርኖስ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከጊሼ አገር የመጣ ደንበኛ ነው ያስቀመጠው። ለብሼው ወጣሁ። በጉም ውስጥ በርኖስ የለበሰ ሁሉ አንድ ነው። የረሳሁት ነገር ቢኖር ቀኑ የገበያ ቀን መሆኑን፣ የጊሼውም ሰው በርኖሱን ሊወስድ የሚመጣው ያን ቀን መሆኑን ነው።

ገበያው ውስጥ የበግ ጠጉር የሚሸጥበት ጋ ስደርስ ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ያ በርኖስ የኔ ነው» አለ። ዞር አልኩ፣ የጊሼው ሰውዬ ነው። ብናገር አማቴ ይሰሙኛል። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ዝም በል አልኩት። የሰው ልብስ የለበሰ ሰው ዝም በል ሲለው ዝም የሚል ማን አለ? እኔ ፈጠን አልኩ፣ እሱም ፈጠን አለ። አባባ ጥላዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣ ሰውዬው ከኔ ኋላ ሆነን ገበያውን አቋርጠን፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞረን፣ ሳሩ ወደ ረዘመበት ወደ ወንዙ ዳር ወረድን። እዚያ ስንደርስ ጉሙ ሰውዬውን ዋጠልኝ።

አማቴ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ብርቄን አውርደው ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። የሌባ አስተያየት ነው፣ አውቀዋለሁ። ሳሩ ውስጥ በደረቴ ተኛሁ። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰደዱ። አሁን ወጣ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። የወጣው መሀረብ ነው። አፋቸውን ጠረጉና፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ መዝፈን ጀመሩ።

የሳር አጫጆች ዘፈን ነው። ድሮ የጓሳን ሳር በስርቆት የሚያጭዱ ሰዎች በለሆሳስ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት፤ አማቴ እነሱን ለመያዝ ሳር ላይ ተኝተው ሲያደፍጡ የተማሩት መሆን አለበት። አንዱን ስንኝ ይሉና ቆም ብለው ብርቄን ያዩአታል። እሷ ታንጎራጉራለች። ሌላውን ይሉና ይጠብቋታል። ያ አዲስ ዜማ ይሄው ነበር። ስልክ የለም፣ ስክሪን የለም። ለምን እንደተደበቁም ያን ጊዜ ገባኝ። ሁዳዴ ነው። እንደሳቸው ያለ ጾመኛ ሽማግሌ በሁዳዴ ሲዘፍን የንስሐ አባታቸው ቢሰሙ ምን ይላሉ? ይህን ሁሉ ኃጢአት ለልጄ ሲሉ ነው የተሸከሙት። እኔ ደግሞ ሳር ውስጥ በሰው በርኖስ ተኝቼ እሰልላቸዋለሁ። አፈርኩ። በደረቴ እየተሳብኩ ወደ ኋላ ልመለስ ሞከርኩ።

ሳሩ ኮሽ አለ።

የዚያ ሰው ጉልበት ደክሟል ብለው ለነገሩኝ ሁሉ አሁን መልስ አለኝ። ብርቄን ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጡ አላየሁም፣ ሲነሱ አላየሁም። ያየሁት የበርኖሴን ጉብታ፣ ይቅርታ፣ የሰውዬውን በርኖስ ጉብታ ጨብጠው መሬት ላይ ሲያጣብቁኝ ነው። ጉብታው ለምን እንደተሠራ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዱላቸው ተነሥቷል።

«ማነው?» አሉ።

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ከድንጋዩ በኩል አንዲት ቀጭን ድምፅ ቀደመችኝ።

«ማነው?»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ሁለታችንም ዞርን። ብርቄ ድንጋዩ ላይ ቆማ፣ ጣቷን እንደኔ ቀስራ፣ እንደኔ ቅንድቧን ሰብስባ ታየናለች። የኔ ፊት ነው፣ የኔ አነጋገር ነው፣ የምርመራው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስንቱን ቀን ያልኳት እሱው ነው። ጉሙን ሰንጥቆ የጊሼው ሰውዬ እያለከለከ ደረሰ። ብርቄ ጣቷን ወደ እሱ አዞረችና «ማነው?» አለችው።

ሰውዬው ተደናግጦ «እኔ የበርኖሱ ባለቤት ነኝ» አላት። ወደ አባባ ጥላዬ አዞረች። «አያትሽ ነኝ፣ የኔ እናት» አሉና ዱላቸውን ጣሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። እኔ መሬት ላይ እንደተጣበቅሁ እያለቀስኩ ስለነበር የመለስኩላትን አላስታውስም። ሦስት ወንዶች ሳር ላይ ተንበርክከን አንዲት ሕፃን ደግማ እንድትጠይቀን እንለምናለን። የጊሼው ሰውዬ በርኖሱን የጠየቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ማታ ቤት ዳኝነት ተቀመጠ፤ ሕግ ሕግ ነው። ጽጌ ስታለቅስና ስትስቅ ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና፣ ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ የነካው ማነው ተብሎ ይጠየቅ አለች። እትዬ አስካለ በምስክርነት ቆመች። ከመንገዱ ማዶ ሆና የምታየውን ተናገረች፤ ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ስልኩን በመቀስ ያወጣል፣ ገባ ገባ ብሎ ያያል፣ መልሶ ይሰፋል፣ ተመልሶ ያወጣል። እኔ ማን እንደነካው ለማየት ነው አልኩ። ያን ጊዜ ነው ስለ ባትሪው የገባኝ።

አባባ ጥላዬ ፈረዱ። «በዘመኔ ብዙ ሌባ ይዣለሁ» አሉ፤ «ጓሳው ተግጦ እንደሆነ ለማየት ከብቱን እየነዳ የገባ ግን አንተን ነው ያየሁ።» እትዬ አስካለን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ የጊሼውን ሰውዬ በርኖስ አሳምሬ እንድጠግን ተፈረደብኝ። እትዬ አስካለ ይቅር አለችኝ፤ ያን ዕለትም ብርቄን አቅፋ «ማርያም ትጠብቃት» አለች። በርግጥ ከልቧ መሆኑን እየተከታተልኩ ነው። የዘፈኑን ነገር አባባ ጥላዬ ለመንዝ ሰው እንዳልናገር አስምለውኛል። እናንተ የመንዝ ሰው ከሆናችሁ ያለፈውን ገጽ እርሱት።

ከፋሲካ በኋላ ሲስተሯ ጋ ሄድን። ብርቄ በሩን አልፋ ገና ሳትቀመጥ ጣቷን ቀስራ «ማነው?» አለቻት። ሲስተሯ ሳቀች፣ ስሟንም ነገረቻት። ከዚያ መቀስ፣ ክር፣ ቆሎ፣ ሚያው እያስባልናት ያላትን ቃል ሁሉ አቀረብን። ሲስተሯ ገና መንገድ እንደሚቀረን፣ ማውራቱን እንዳንተው፣ እየተመለስንም እንድናሳያት ነገረችን። ደብረ ብርሃን ለጊዜው ቀረ። ስልኩ ዛሬም ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ የሚሰፋውና የሚፈታው ግን አሁን በጽጌ እጅ ነው። ስፌቷ አያምርም። አልመረምረውም።

ትናንት አንድ ኮት ላይ አጎንብሼ ስሠራ ቀና ብል ብርቄ ከፊቴ ቆማለች። ሌባ ጣቷን አነሳችና ጉንጬ ላይ አደረገች። ያ የድሮው ቀን ትዝ አለኝ። ልታሳልፈኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም።

«ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ» አልኳት።

ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ የኔ ልጅ ናት። ጣቷን ከጉንጬ ሳታነሳ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ደግሜ ነገርኳት።